የጋሽ ጃፈር ጆሮ

ነስሩ ጎበዝ ፎቶ አንሺ መሆኑን ቦንጋ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ጋሽ ጃፈርን ብቻ አትጠይቁ። ጋሽ ጃፈር ከነስሩ ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ቀበሌው መታወቂያ ሁሉ ይታደስ ባለ ጊዜ ያነሳቸው ነስሩ ነበር፤ በዚያ ጉርድ ፎቶ ላይ ታዲያ ግራ ጆሯቸው የለም። ቆባቸው አለ፣ ጢማቸው አለ፣ ቀኝ ጆሯቸውም ሰላም ናት፤ በግራ በኩል ግን ፎቶው ጉንጫቸው ጋ ሲደርስ ያልቃል። የቀበሌው ጸሐፊ ምንም ሳይል ማኅተሙን አሳረፈበት። ጋሽ ጃፈር ለአንድ ጆሮ ብለው ከቀበሌ ጋር አይነታረኩም፤ ነስሩን ግን ባገኙት ቁጥር መታወቂያውን ከኪሳቸው አውጥተው "ጆሮዬን የት አደረስከው?" ይሉታል። ነስሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል። ምክንያቱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በሰው ፊት የሚነገር ምክንያት ግን አይደለም።

ጊዜው ባጃጅ ገና ቦንጋ ያልገባበት፣ ሞባይልም በወሬ ብቻ የሚታወቅበት ነበር። ፊልም የሚታጠበው ጅማ ነው፤ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ካልረሳው በአውቶቡስ ይመለሳል። ነስሩ የሳምንቱን ግማሽ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ግማሹን በየገጠሩ ገበያ ያሳልፋል። አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኖ ቢታ ገነት ይሄዳል፤ ጭቃውን በእግሩ እያቦካ ማንኪራ ይገባል። ካሜራው አንገቱ ላይ፣ አንድ ትልቅ ቦርሳ ትከሻው ላይ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሽቦው የተቆረጠ ስልክ፣ ቀይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ቡናማ የቆዳ ጃኬት አለ። ሰው ባዶ እጁን ፎቶ መነሳት የለበትም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ስልክ ነክቶ የማያውቀውን ገበሬ ስልክ ያስይዘዋል፣ በላብ የራሰውን ጎረምሳ ጃኬት ያለብሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ካሜራውን የሚያነሳው። ሰዉም ወዶለታል። በካፋ ምድር ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያንኑ ጃኬት የለበሰ የተለያየ ሰው እንደተሰቀለ አላህ ይወቀው።

ቦርሳው ውስጥ አንድ ነጭ አንሶላም አለ፤ ነስሩ ግን እሱን ከዕቃ አይቆጥረውም። ለጉርድ ፎቶ ከኋላ ነጭ ነገር ያስፈልጋል፣ ገበያ መሐል ደግሞ ግድግዳ የለም፤ ስለዚህ ቀጥለው የሚነሱት ሁለት ሰዎች የፊተኛውን ሰው አንሶላ ግራና ቀኝ ወጥረው ይይዛሉ። እነሱ ሲነሱ ደግሞ ከኋላቸው ያሉት ይይዙላቸዋል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ በዳርና በዳር የሰው እጅ ይታያል፤ ነስሩም ምላጩን አንስቶ እጆቹን ከርክሞ ይጥላል። መታወቂያ ላይ የሰው እጅ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ሙፊዳ እንምጣ። ሙፊዳ የጋሽ ጃፈር ልጅ ናት። ከእናቷ ሞት በኋላ ሱቁን የምትይዘው እሷ ስትሆን፣ ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል። ነስሩ ይወዳታል። መውደዱን ደግሞ ገበያው ሁሉ ከእሱ ቀድሞ ካወቀው ቆይቷል፤ ምክንያቱም ሚስት የሌለው ሰው ያን ያህል መርፌና ክር አይገዛም። የጃኬቱ ሦስተኛ ቁልፍ የተበጠሰ ጊዜ እንኳ ቡናማ ስላልነበራት ነጭ ቁልፍ ሸጠችለት፤ እሱም ነጩ ያምርበታል ብሎ በደስታ ሰፋት።

በመጨረሻ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን ኢክራማን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ኢክራማ ተመልሶ "ጋሽ ጃፈር አልከፉም" አለው። "ግን ነገሩ በእህታቸው በእትዬ ሙዝደሊፋ እጅ ነው። ከጅማ መጥተው እዚሁ ሰንብተዋል፤ ሙፊዳን እንደ እናት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ይላክ ብለዋል።"

"ፎቶ?" አለ ነስሩ። ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ከሰው ሁሉ መርጦ አላህ ለእሱ የሰጠው ፈተና መሰለው። የዚያኑ ዕለት ጃኬቱን ለብሶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ጽጌረዳዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ፣ ካሜራው ጥቂት ቆይቶ በራሱ እንዲያነሳ አስተካክሎ ፎቶ ተነሳ። ፊልሙ ከጅማ እንደተመለሰ በፖስታ አሽጎ ሰደደው። ያንን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በማግስቱ እትዬ ሙዝደሊፋ አስጠሩት። ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው መስታወት ላይ አራት ፎቶ ተደርድሯል።

"ና እስቲ ልጄ፣ ቀረብ በል" አሉት። "ይሄ ሰላሐዲን ነው፣ የቢታ ገነቱ ቡና ነጋዴ። ይሄ የጅማው አውቶቡስ ሹፌር ነው። ይሄኛው የሺሺንዳው ባለሱቅ። ይሄ አንተ። እንግዲህ አራት ወንድ ፎቶ ልኮልናል፤ ጃኬቱ ግን አንድ ነው።"

ነስሩ ፎቶዎቹን አየ። ሁሉንም ያነሳቸው እሱ ነው። የሰላሐዲንን ኮሌታ በገዛ እጁ ያስተካከለው፣ "ፈገግ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሴት እኮ ነው የምታየው" ያለውም እሱ ነው። የምታየው ሴት ሙፊዳ መሆኗን ያኔ ማን ነገረው?

"ፋሽን ነው እትዬ" አለ፣ ሌላ የሚለው ሲያጣ።

"ፋሽን? ሦስተኛዋ ቁልፍ በአራቱም ላይ ነጭ ናት።"

"ቁልፏን የሸጥኩለት እኔ ነኝ" አለች ሙፊዳ ከመደርደሪያው ጥግ፣ ሳቋን ለመደበቅ ቀና ሳትል።

"ስልኩስ? አራታችሁም ታወራላችሁ፤ ከማን ጋር ነው? እርስ በርሳችሁ ነው የምትደዋወሉት?" እትዬ ሙዝደሊፋ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ጃፈር፣ ልጅቷን ለጃኬቱ ነው እንዴ የምንድራት?"

ጋሽ ጃፈር ከጆንያዎቹ መሐል "ጃኬቱ ይሻላል፣ እሱ ጆሮ አይቆርጥም" አሉ።

ነስሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በሩ ጋ ሲደርስ ሙፊዳ ጠራችው። አሁን እየሳቀች አልነበረም።

"ነስሩ፣ እኔ ጃኬት አልጠየቅኩም። የራስህ የሆነ ነገር ይዘህ ተነሳና አምጣ። አክስቴ ወደ ጅማ ከመመለሷ በፊት። የሰላሐዲን ሽማግሌዎች መልስ ስጡን ብለው ቁጭ ብለዋል፤ አባቴም ሰው ማጉላላት አይወድም።"

ነስሩ ቤቱ ገብቶ የራሱ የሆነ ነገር ፈለገ። ቤቱ የኪራይ ነው። አልጋው የአከራዩ ነው። ወንበሩን ያዋሰው ኢክራማ ነው፣ ምድጃውንም እንደዚሁ። ካሜራው የራሱ ነው፤ ግን ካሜራ ሌላውን እንጂ ራሱን አያነሳም። ስንት ዓመት ሰው ሲያሳምር የኖረ ሰው፣ አንዲት ሴት "የራስህን አሳየኝ" ስትለው የሚያሳየው አጣ። ይሄ ነገር ከሳቁ ይልቅ አመመው።

የቢታ ገነት ገበያ ደረሰ፤ ሥራ ነውና ሄደ። ጃኬቱን፣ ስልኩንና አበባዋን ግን ቤቱ ጥሏቸው ሄደ። ማየትም አስጠልቶታል።

ገበያው አጉረመረመ። "ጃኬቱስ?" "ስልኩስ?" ሁሉም ይጠይቃል። ነስሩ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ፦ "ዛሬ ሁሉም የራሱን ይያዝ።" ከሁሉም ይልቅ የተቆጣው መምህር ቀጸላ ነበር። ቀጸላ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ቢታ ገነት የሚያስተምር፣ ዘንድሮ ዝውውር ይደርሰኛል እያለ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። በየዓመቱ ስልኩን ይዞ ይነሳና ለእናቱ ይልካል።

"እናቴ እኮ ስልክ ያስገባሁ ነው የሚመስላት!"

"እንዲያ ከሆነማ ለምን አትደውልልኝም አላሉህም?" አለው ነስሩ።

ቀጸላ ወደ ቤቱ ሄዶ ሲመለስ አንድ ያረጀ ሻንጣ ተሸክሞ መጣና ቁጭ አለበት። ሻንጣውን እናቱ ናት ያሰረችለት፤ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ፈትቶት አያውቅም። ነገ ዝውውር ቢመጣ ማን ደግሞ ያስራል? ልብሱን ሚስማር ላይ ይሰቅላል እንጂ የሻንጣውን ውስጥ አይነካም።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ብርድ ልብስና በሶ።"

"በሶ! እስካሁን?"

"ነቅዟል መሰለኝ። ሌሊት ሌሊት ድምፅ ይሰማኛል" አለ ቀጸላ በቁም ነገር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ነስሩ ያነሳው ያን ጊዜ ነው። ቀጸላ ግን ከሻንጣው ላይ ቶሎ አልተነሳም። ማሰሪያውን በጣቱ እየነካካ ቆየና "ዛሬ ብፈታው ይሻላል" አለ። "በሶውን ለዶሮ እሰጣለሁ። ብርድ ልብሱን ግን መልበስ ነበረብኝ፤ ስንት ክረምት በረደኝ እኮ።" ነስሩ ሰውየውን በየዓመቱ አንስቶት፣ በየዓመቱ ስልክ አስይዞት ኖሯል፤ ስለዚህ ሻንጣ ግን ሰምቶም አያውቅም።

በሳምንቱ ማንኪራ ሄደ። እዚያ ጋሽ በዛብህ ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የሚወጡበትን ገመድ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መጡና እንደ ከረባት አስተካክሉልኝ አሉ፤ አስተካከለላቸው። ጎረቤታቸው እትዬ የሻረግ ግን አበባዋ ካልመጣች አልነሳም ብለው ድርቅ አሉ። ግቢያቸው ዙሪያውን በቡና አበባ ነጭ ሆኗል፤ እሳቸው የሚፈልጉት የፕላስቲኳን ነው።

"የራስዎ የሆነ ነገር ይያዙ እትዬ።"

እትዬ የሻረግ እያጉረመረሙ ገብተው በርጩማ ይዘው ወጡ። የሟች ባለቤታቸው መቀመጫ ነበረች፤ በአንድ በኩል ተበልታ ዘንበል ብላለች። ነስሩ ነገሩ ገባው፣ ቢያንስ የገባው መሰለው። በርጩማዋን ባዶዋን ከጎናቸው አስቀመጠና አንገቱን በሐዘን ደፋ።

"ለምንድነው ባዶ የምትሆነው?" አሉት። "ሰውዬው እዚህች ላይ ተቀምጦ ዕድሜዬን ሙሉ አዘዘኝ፤ አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው።" ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡባትና እንደ ዳኛ ቀና አሉ። ጋሽ በዛብህ አንሶላውን በአንድ በኩል ይዘው በሳቅ ሲንቀጠቀጡ አንሶላውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ፎቶው ከተነሳ በኋላ እትዬ የሻረግ በእጃቸው የበርጩማዋን ጠርዝ ዳሰሱ። "ግን ትቀዘቅዛለች" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሐዘን የታየባቸው እንዳይመስል ቶሎ ወደ አንሶላው ዞሩ።

"አንተ፣ ይሄን አንሶላ አታጥበውም? ያምናውም ጭቃ እዚሁ አለ። ጫፉን በቀይ ክር የሰፋው ማነው?"

"እናቴ ናት። ከስልጤ ስወጣ አልጋህ ላይ አንጥፍ ብላ የሰጠችኝ ነው። አልጋ ስላልነበረኝ ለሥራ አደረግኩት።"

"እንግዲያው የመታወቂያዬን ስነሳ ከኋላዬ የነበረችው እናትህ ናት" አሉ እትዬ የሻረግ። "ስልኩን ትረሳለህ፣ አበባዋን ትረሳለህ፤ ይሄን ጨርቅ ሳትይዝ የመጣህበትን ቀን ግን አላየሁም።"

ነስሩ አንሶላውን ማጠፍ ጀምሮ ነበር፤ እጁ ቆመ። የቢታ ገነት ቀይ ጭቃ አለበት። የማንኪራ ሣር አረንጓዴ አድርጎታል። የሁለቱም ጫፍ ጨርቅ ከመጨበጥ ብዛት ጠቁሯል፤ የማያውቃቸው፣ ተራ የሚጠብቁ፣ ለማያውቁት ሰው እጃቸውን ያነሱ ሰዎች እጅ ነው ያጠቆረው። የካፋ ሰው ግማሹ ከፊቱ ቆሟል፣ ግማሹ ይዞታል። እሱ ደግሞ እጃቸውን በምላጭ እየቆረጠ ጥሏል። እናቱ ናፈቀችው፤ እዚያው ግቢ መሐል ቆሞ ክፉኛ ናፈቀችው።

ቦንጋ እንደገባ በቀጥታ ኢክራማ ጋ ሄደ። ፊልሙ ላይ አንዲት ፎቶ ብቻ ቀርታለች። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አላስተካከለውም፤ ከአንሶላው ጋር የሚነሳውን ፎቶ ሰው እንዲያነሳው ፈለገ። አንደኛውን ጫፍ ራሱ ይዞ ወጠረ፣ ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ወደቀ፤ የራሱን ነጭ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ኢክራማ ጨርቅ ሲቆርጥ በስህተት ክር የማያባክን ልብስ ሰፊ ነው፤ ካሜራ ግን ይዞ አያውቅም። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ተጫነው።

ፊልሙ ከጅማ የተመለሰው እትዬ ሙዝደሊፋ ሊሄዱ በተነሱበት ዋዜማ ነው። ነስሩ ፖስታውን ቀደደ። ቀጸላ ሻንጣው ላይ እየሳቀ ነው፤ እትዬ የሻረግ በርጩማቸው ላይ ነግሠዋል። የመጨረሻዋን ገለበጣት። አንሶላው አለ፣ ቀይ ስፌቱ አለ፣ እጁ አለ፣ ሸሚዙ አለ። ከአንገቱ በላይ ግን ምንም የለም። ኢክራማ ልብስ የሚገባበትን በሙሉ አንስቶ፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ ጥሎታል።

"የልብስ ሰፊ ነገር!" አለ ነስሩ፣ ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው። ሌላ ለማንሳት ጊዜ የለም። እንደ ምንም ብሎ፣ ጭንቅላት የሌለውን ፎቶ ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ።

እትዬ ሙዝደሊፋ ፎቶውን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት።

"ራሱን የት ጥሎት ነው የመጣው?"

"ቆራጩ ተቆረጠ!" አሉ ጋሽ ጃፈር። ከመታወቂያው እድሳት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። "አየህ? ጆሮ ስትቆርጥ አላህ ራስህን ቆረጠልህ!"

ነስሩ አልሳቀም። "የራሴ የሆነውን አምጣ ተባልኩ፤ ያለኝ ይሄ አንሶላ ነው" አለ። "እናቴ ናት የሰጠችኝ። ያለሱ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ጃኬቱን ነበር የማሳየው።"

ሙፊዳ ፎቶውን ከአክስቷ እጅ ወሰደች። ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን በባዶው በኩል፣ አንሶላው መሬት በወደቀበት ላይ አሳረፈች።

"በዚህ በኩልስ ያዥ የለውም?"

ነስሩ መልሱን ያውቃል። የካሜራውን ማኅደር ከፈተና ከክዳኑ ውስጠኛ ኪስ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የፎቶ ቁራጭ አወጣ። መስታወቱ ላይ፣ ከፎቶው ባዶ ጎን አስጠግቶ አስቀመጣት። ቁራጯ ላይ የሴት እጅ ነበር፤ ሒና የተቀባ፣ አንሶላ የጨበጠ፣ ከጣቶቹ ሥር ቀይ ስፌት የሚታይ።

የመታወቂያው ቀን ጋሽ ጃፈር የተነሱት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነበር፤ ነፋስም ነበር። አንሶላው አንደኛው ጫፉ የሱቁ በር ሚስማር ላይ ታስሮ፣ ሌላኛውን ሙፊዳ ይዛ፣ ነፋሱ አንሶላውን በአባቷ ፊት ላይ ሲደፋው እየሳቀች ጭንቅላታቸው አጠገብ ድረስ መጥታ ጨበጠችው። ፎቶው ከጅማ ሲመጣ ነስሩ ያንን እጅ ሊጥለው አልቻለም። ጣቶቹ ሁሉ ሳይጎድሉ ለማውጣት ደግሞ ምላጩ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነበረበት። አንዱ ኮፒ ጎድሎ ሌሎቹ ሙሉ ቢሆኑ ስለሚያስጠይቅ፣ ሁሉንም እኩል ቆረጣቸው።

ሙፊዳ እጇን አወቀችው፤ ፊቷ ቀላ። ጋሽ ጃፈር መነጽራቸውን አደረጉና ባንኮኒው ላይ አጎነበሱ። ቁራጯን በሁለት ጣት አነሷት። ከእጁ ጎን አንዲት ነገር አለች፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ጠርዟ ላይ ፀጉር ያላት።

"ጆሮዬ!" አሉ።

ጋሽ ጃፈር መታወቂያቸውን አወጡ፣ ቁራጯን ከጉንጫቸው አጠገብ ገጠሟት። ልክክ አለች።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ጆሮዬ ከአንተ ጋር ነበረች?"

"አዎ፣ ጋሽ ጃፈር። ይቅር ይበሉኝ።"

"በየገበያው ይዘሃት ስትዞር?"

"ከካሜራው ተለይታ አታውቅም።"

ጋሽ ጃፈር ቁራጯን ደጋግመው አዩ፤ የልጃቸውን እጅ፣ የራሳቸውን ጆሮ። ቁጣ ሊጀምሩ ነበር፤ አፋቸውንም ከፍተው ነበር። ግን እጁ የልጃቸው ነው፣ ለእሳቸው ሲል ከነፋስ ጋር የተሟገተ እጅ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ያን ቀን አላዩትም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

"እንግዲህ" አሉ እህታቸውን እያዩ፣ "ይቺ ጆሮ ስለ ሙፊዳ ብቻውን ሲያወራ ስንት ነገር ሰምታ ይሆን! አሁን ልቆጣ ብልስ የገዛ ጆሮዬ ትመሰክርለታለች።" ወደ ኢክራማ ልብስ ስፌት ቤት አቅጣጫ በእጃቸው አመለከቱ። "ያን ሽማግሌህን ዓርብ ከሶላት በኋላ ይምጣ በለው። መቀስ እንዳይዝ።"

እትዬ ሙዝደሊፋ ሻንጣቸውን መልሰው ወደ ውስጥ አስገቡ። ነስሩ ግን ደስታውን ትቶ ከፎቶው ጋር ይታገላል። "እትዬ፣ ነገ በማለዳ ሌላ እነሳለሁ፣ በሙሉ ጭንቅላት፣ ወላሂ በትክክል ነው የማስነሳው" ይላል። ሙፊዳ ጭንቅላት የሌለውን ፎቶና ትንሿን ቁራጭ ከመስታወቱ ሥር፣ ገዢ ሁሉ በሚያየው ቦታ ጎን ለጎን አስገባቻቸው። ሦስቱን ጃኬት ለባሾች ሰብስባ ለአባቷ ሰጠች። ከመደርደሪያው ቀይ ክር አውርዳ ባንኮኒው ላይ አደረገች።

"አንሶላውን አምጣው፣ ስፌቱ እየተተረተረ ነው" አለችው። "ፎቶውን ተወው። ጭንቅላትህንማ እንግዲህ በየቀኑ አየዋለሁ።"